አንድ ኦክስጅን ሲጎድል

ወንድሜ ስለ ኦክስጅን ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ደግም ተናግሮ አያውቅም። አዲስ አበባ ኬሚስትሪ በሚያስተምርበት ዘመን «ኦክስጅን ሕይወት ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማርክ ይቀነስበት ነበር። ሕይወት ነው ማለት መልስ አይደለም ይላል። ኦክስጅን በውጨኛው ምሕዋሩ ላይ ስድስት ኤሌክትሮን ያለው፣ ስምንት እስኪሞላለት የማይረጋጋ፣ ሁለት የጎደለው ንጥረ ነገር ነው። የጎደሉትን ሁለት ለማግኘት ካገኘው ሁሉ ጋር ይያያዛል። ከብረት ጋር ዝገት ይሆናል፣ ከሃይድሮጅን ጋር ውሃ፣ ከሲሊከን ጋር አሸዋ። ሌላ ሲያጣ ከራሱ ቢጤ ጋር ይጣመራል። «ይኸው ነው» ይላል ወንድሜ፤ «ከዚህ በላይ የሚናገር ሰባኪ ነው።»

እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ በመናገር የምታወቅ ሰው ነኝ። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት መጣጥፍ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ፈልጌ አልስማማም እላለሁ። ለዚህ ሥራ ብዙ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ማወቅ ግን አያስፈልግም። ይህን የተረዳሁት ሚስቴ ከሞተች በኋላ ነው።

የሞተችው በተሰደድንበት አገር፣ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት ውስጥ፣ በሐምሌ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። የገደላት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አንድ ካርቦን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ማለት ነው። ያ ካርቦን ሁለተኛ ኦክስጅን ቢያገኝ ኖሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆን ነበር፤ እሱን ሁላችንም በየእስትንፋሳችን እናወጣዋለን፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኦክስጅን ነው። ወንድሜ ይህን ሁሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ነግሮኝ ነበር። እንደ ነገረኝ ልጃችን አታውቅም ነበር፤ እኔም ከዘጠኝ ወር በላይ ሳልነግራት ኖርኩ።

ያን ዓመት ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ነበረች። ወንድሜ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሜልተን ካለው ቤቱ እየመጣ ያስጠናት ነበር። ዘዴው ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ጠመኔና ባዶ ላቦራቶሪ ያስተማረው ዘዴ ነው፤ ዕቃ ስለሌለ ሰዎቹን አቶም ያደርጋቸዋል።

«አንቺ ኦክስጅን ነሽ» ይላታል። «ሁለት እጅ አለሽ፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው። እናትሽ ሃይድሮጅን ናት። አንድ እጅ ብቻ ነው ያላት።»

«ሁለተኛውስ?» ትላለች ሚስቴ ከምድጃው አጠገብ።

«በሁለተኛው ማማሰያ ይዘሻል።»

«ደግሞ እኔን ለምን ትንሿን አደረጉኝ፣ ጋሼ?»

«ሃይድሮጅን ከሁሉ ታንሳለች። ያለ እሷ ግን ውሃ የለም።»

«እሺ፣ ይሁን። እሱስ ምንድን ነው?» አለች በአገጯ እኔን እያሳየች።

ወንድሜ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እሱ ኒዮን ነው። ከማንም ጋር አይያያዝም። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ግን ያበራል። ለማስታወቂያ ይሆናል።»

ልጄ በእንግሊዝኛ ሳቀች ማለት ይቻላል። ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ነው የምታደርገው፤ እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ማንም የተለየ ነገር እየሆነ እንደሆነ አይሰማውም። እኔ አጸፋ ልመልስ ፈልጌ፣ ኦክስጅን እንደ እኛ አገር ሰው ነው፣ ብቻውን መብላት አይሆንለትም አልኩ።

«አቶም አይበላም» አለ ወንድሜ። «ምሳሌህን ለመጽሔትህ አስቀምጥ።»

ስለ ቤቱ ትንሽ መናገር አለብኝ። አሮጌ የጡብ ቤት ነው። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ክፍል ናቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የጋዝ ማሞቂያ አለ፤ ጭሱ በቱቦ ወደ ጣራ ይወጣል። ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል የአየር ቀዳዳ ነበረች። ከምድጃው በላይ ደግሞ ሽታና እንፋሎት የሚስብ ፋን አለ። ይህ ፋን በእኛ ቤት አርፎ አያውቅም። ምክንያቱ ኢንስፔክሽን የሚሉት የቤት ፍተሻ ነው። ቤቱን ለአከራዩ የምታስተዳድረው ኤጀንት በየጊዜው እየመጣች ክፍል ለክፍል ትዞራለች፤ አንድ ጊዜ ሪፖርቷ ላይ ጠንካራ የምግብ ሽታ አለ ብላ ጻፈች። አንዲት መስመር ናት። ሚስቴ ግን ያቺን መስመር እንደ ፍርድ ቤት ማዘዣ ያዘቻት።

ከዚያ በኋላ ሽንኩርት በምታቁላላበት ቀን የመኝታ ቤቶቹን በር ትዘጋለች፣ ሽታው ወደ ምንጣፉና ወደ ልብሱ እንዳይገባ ከየበሩ ሥር ፎጣ ትጠቀጥቃለች፣ ፋኑን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። መስኮት አይከፈትም፣ ክረምት ነው። የምግባችን ቁሌት ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ የሚያደርጉ ሌሎች ቤቶችም አውቃለሁ፤ ፎጣው ሳይቀር። ድንበር አቋርጠን፣ ካምፕ ኖረን፣ ስንቱን መሣሪያ የያዘ ሰው አልፈን የመጣን ሰዎች፣ አንዲት ክሊፕቦርድ የያዘች ወጣት አፍንጫዋን ስትነፋ እንንቀጠቀጣለን። ይህን ጽፌው ነበር፤ ያን ጊዜ አስቆኝ ነበር።

ፋን አየር አይፈጥርም። ያለውን እየሳበ ወደ ውጭ ይጥላል፤ በምትኩ ከአንድ ቦታ ሌላ አየር መግባት አለበት። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቀዳዳው ሁሉ ከተዘጋ አየሩ የሚመጣው በጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ጭስ ወደ ታች ይጎተታል።

ቀዳዳዋን የደፈንኳት እኔ ነኝ። ስለ ንፋስ ያለንን ፍርሃት አንድ ሙሉ መጣጥፍ ጽፌበት ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ብርድ ከሚመታው ተዘግቶ መታፈንን የሚመርጥ ሕዝብ ነን ብዬ ነበር። አንባቢዎች ወደዱት። በዚያው ክረምት ቀዳዳዋ ከማነብበት ወንበር በላይ ሆና ማጅራቴን አስቸገረችኝ፤ ወንበሩ ላይ ቆሜ በሰፊ ግራጫ ፕላስተር ለጠፍኳት። ወንበሩን ማዛወር እችል ነበር። የመጽሐፍ መደርደሪያው ግን እዚያ ነው።

ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት በነበረው እሁድ ትምህርቱ ስለ መቃጠል ነበር። ማቃጠል ማለት አንድን ነገር ከኦክስጅን ጋር ፈጥኖ ማያያዝ ነው፤ ዝገትም ያው ነው፣ ብቻ ይዘገያል። ልጄ ሺፍት አለኝ ብላ ቀድማ ወጣች። ሚስቴ ምድጃው ጋ ናት፤ ፋኑ እየጮኸ ስለሆነ አጠገቧ ካልቆሙ አይሰማትም። ወንድሜ ሻዩን ይዞ ማሞቂያው ፊት ቁጢጥ አለ።

«ይሄ ነበልባል ለምን ቢጫ ሆነ?»

«እሳት ነዋ» አልኩ።

«የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ እንዲህ ከተልፈሰፈሰ አየር አጥሮታል። ካርቦኑ ሁለት ኦክስጅን ሲያጣ በአንዱ ይሄዳል።» ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «ያ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፕላስተር።»

«ለምን?»

«ብርድ።»

«አንተ? ስለ ብርድ የጻፍከው አንተ?» ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን መሳቁን አልወደድኩትም። «ዛሬውኑ ላጠው። ለኤጀንቷም ደውል፣ ማሞቂያውን የሚያይ ባለሙያ ትላክ። እስኪታይ አታብሩት።»

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ከእኔ በፊት ስንት ዓመት ሰው ኖሮበታል።»

«ሳይደፈን ነዋ የኖሩት። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። እንቅልፍ ነው የሚመስለው።»

ያን ጊዜ እንዲህ አልኩት፦ «ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘኑ ውስጥ ላቦራቶሪ ከፈቱልህ እንዴ?»

ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠ፤ ጃኬቱን ለበሰ። በሩ ላይ «እኔ ነግሬሃለሁ» አለና ሄደ። ሚስቴን ከሩቅ በእጁ ተሰናበታት፤ እሷም በማማሰያዋ መለሰችለት።

ሲመሽ ሰሃን እያጠበች ጠየቀችኝ። «ጋሼ ማሞቂያው ጋ ቁጢጥ ብለው ምን እያሉህ ነበር?»

«ስለ ኦክስጅን ነው» አልኩ። «ሌላ ምን ያውቃል።»

ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ብነግራት ምን ታደርግ እንደነበር አውቃለሁ። ያኔውኑ ማሞቂያውን ታጠፋለች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ፕላስተሩን ትልጣለች፣ ጠዋት ኤጀንቷ ጋ ትደውላለች። ሽታውን ትፈራለች፤ ወንድሜን ግን ታምናለች። ለምን አልነገርኳትም ስል ለራሴ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ፦ ኤጀንቷ እንዳትመጣባት፣ እንዳትጨነቅ፣ ነገ አደርገዋለሁ ብዬ። እውነቱ ይህ ነው፤ ያልላጥኩት ወንድሜ ላጠው ስላለኝ ነው። ሌላ ሰው ቢለኝ፣ ወይም መጽሐፍ ላይ ባነበው እልጠው ነበር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ራሷን ይፈልጣት ጀመር። የሕፃናት ማቆያ ነበር የምትሠራው፤ ስትመለስ ደህና ናት፣ ቤት ስትውል ይጀምራታል።

«ሥራ ቦታ ሕፃን ሲጮህብኝ ይውላል፣ ምንም አይለኝም» አለች አንድ ቀን፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ እያሰረች። «ቤቴ ስገባ ይነሳብኛል። ይህ ቤት ጠልቶኛል።»

«ቤቱ ሳይሆን ባልሽ ይሆናል» አልኩ።

«እሱንማ ለምጄዋለሁ።»

ጠርጥሬ ነበር ወይ? አንድ ጊዜ። ሻሿን ባሰረችበት በዚያ ቀን ወደ ቀዳዳዋ ቀና ብዬ አየሁ። ከዚያ ወደማነበው ተመለስኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ኋላም ለልጄ ስነግራት ይህን ነገር ዘልዬዋለሁ። አሁን እዚህ ጻፍኩት።

ያን ቅዳሜ የማኅበራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው ለቅሶ ነበር። ሴቶቹ ምግብ ተከፋፈሉ፤ ለእሷ ምስር ወጥ ደረሳት፣ ትልቁን ድስት ጣደች። ልጄ ሺፍት ላይ ናት። እኔ ፋኑ ሲጮህ መጻፍ አልችልም ብዬ ላይብረሪ ሄድኩ። ስወጣ «ስትመለስ ድስቱን ታሸክመኛለህ» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተመለስኩ። ምድጃውን አጥፍታለች፤ ድስቱ ተከድኖ በፎጣ ተጠቅልሏል፣ ለመሄድ ተሰናድቷል። ፋኑ አሁንም ይጮሃል፣ ማሞቂያው ይነድዳል። እሷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣለች። የተኛች መስሎኝ ድምፄን ቀነስኩ። እሷን ላለመቀስቀስ በእግሬ ጫፍ ሄጄ ፋኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዝምታው ሲመጣ ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። በሩን ከፈትኩ፣ ጎትቼ ወደ በረንዳው አወጣኋት፣ ስልክ ላይ አንዲት ሴት ደረቷን እንድጫን እየቆጠረች ትነግረኝ ነበር። አምቡላንስ መጣ። ወንድሜ በሥራ ልብሱ፣ ከነሚያብረቀርቀው ሰደርያው መጣ። ሳሎኑ መሐል ቆመ። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

የገነዟት ሴቶች ሲመለሱ እያለቀሱም ቢሆን አንድ ነገር አብረው ይዘው መጡ። «ከንፈሯ እንደ ሙሽራ ቀልቷል» አሉ። «የሞተ ሰው እንዲህ አይሆንም። ንጹሕ ነፍስ ስለነበረች ነው።» ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ይህ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፤ አንዲት አሮጊት መሬት ሳሙ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ወሬ ሦስት ገጽ እጽፍበት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ደም ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅንን ይይዛል፣ ከዚያ ይለቀዋል፤ የምንኖረው ስለሚለቀው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ደሙ ቀልቶ ይቀራል፣ አካሉ ግን ታፍኗል። ከወንበሮቹ ማዶ ወንድሜ ተቀምጧል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የምናውቅ ሁለታችን ነን። እሱ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሴቶቹ ተጽናንተውበታል።

በሦስተኛው ቀን ልጄ አጎቷ እግር ሥር ተቀመጠች። በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። እንዴት ማንም አላወቀም? እርስዎ እንኳ?

ወንድሜ ተናግሮ ዋሽቶ አያውቅም። እጁን ራሷ ላይ አደረገ። «ጋዙ አይታይም፣ የኔ ልጅ። አይሸትም» አላት። እውነት ነው፤ ለጠየቀችው ግን መልሱ አይደለም። እሷ መልስ አድርጋ ወሰደችው።

ሰው ሲቀንስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ አጠገብ ቆመን ነበር። ወንድሜ ከእኔ ሳይሆን ከአጥሩ ጋር እንደሚያወራ ሆኖ ተናገረ።

«ራሴ መላጥ ነበረብኝ። ከአስተማሪነት የተረፈኝ ልማድ ነው። ነግሬ እሄዳለሁ። የገባቸው ይገባቸዋል፣ ያልገባቸው ይወድቃሉ እላለሁ።»

«ጋሼ…»

«ለእሷ እኔ አልነግራትም። እኔ የምነግራት አይደለም።» ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት አንድም ቀን አላነሳብኝም። እሁድ እሁድ መምጣቱን አልተወም፣ ፈተናዋ እስኪያልፍ አስጠናት። ጥሩ ውጤት አመጣች። አቶም እየሆኑ እጅ ለእጅ መያያዙ ግን ቀረ፣ በወረቀት ብቻ ሆነ።

የምርመራው ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጣ። ማሞቂያው ለዓመታት አልታየም፣ ፋኑ ጭሱን መልሶ ስቧል፣ የአየር ቀዳዳው በፕላስተር ተደፍኗል ይላል። ማን እንደ ደፈነው አይልም። ልጄ ስታነብ ቆየችና «ከእኛ በፊት የነበሩት ናቸው የሚሆኑት» አለች። እኔ መጽሐፍ ገለጥኩ። ቁጣዋ ሁሉ ኤጀንቷና አከራዩ ላይ ወደቀ፤ የድርሻቸው አለባቸው፣ አልክድም። ግን ሌላ ሰው ላይ የሚወርድ ዱላ ከጎኔ ሲያልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዘንድሮ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ስለ ማሞቂያና ስለ አየር ቀዳዳ ለማኅበሩ ሰው ልትናገር ተነሳች። ማንም አላዘዛትም። ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፈችና ወደ እኔ አመጣችው።

«በአማርኛ አድርግልኝ» አለች። «ቀላል ይሁን። ያንተ ዓይነት አማርኛ አይሁን።»

እሁድ ከሰዓት ነው፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ስልኳን ትነካካለች። ጽሑፏ ጥሩ ነበር። ኦክስጅን ሁለት እጅ አለው ብላ ትጀምራለች። ካርቦን አራት እጅ እንዳለው፣ ሁለት ኦክስጅን ሲያገኝ ሁሉም እጅ እንደሚሞላ፣ አንድ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ታስረዳለች። ከዚያ ስለ እናቷ ትናገራለች፤ ስለ ፎጣው፣ ስለ ፋኑ፣ ስለ ሽታው ፍርሃት። ኤጀንት አትፍሩ፣ ምግባችሁ ይሽተት ትላለች። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ማንም አልነገረንም።

ሁሉንም በአማርኛ ጻፍኩና ያንን ዘለልኩት። ወረቀቱን ሰጠኋት። አማርኛ ስታነብ ጣቷን ከፊደሉ ሥር ታስኬዳለች። መጨረሻው ላይ ጣቷ ቆመ።

«አንድ ነገር ዘልለሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ውሸት ስለሆነ ነው። አጎትሽ ነግሮኛል።»

ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነገርኳት። ነበልባሉን፣ ፕላስተሩን ማን እንደ ለጠፈው፣ ዛሬውኑ ላጠው እንዳለኝ፣ ስለ መጋዘኑ ያልኩትን። ሦስት ሳምንት እንደነበረኝ። ስናገር ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ እናቷ ሒሳብ ስታስብ ትሆን እንደነበረው ሆነች።

«እማዬስ ታውቅ ነበር?» አለች። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

«አታውቅም። ግን ጠይቃኝ ነበር።»

«ምን ብላ?»

«ጋሼ ምን እያሉህ ነበር ብላ።»

«ምን አልካት?»

«ስለ ኦክስጅን ነው፣ ሌላ ምን ያውቃል አልኳት።»

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ከዚያ «ሳቀች?» አለችኝ።

«ሳቀች።»

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ስትመለስ እስክሪብቶውን አንስታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጻፈው» አለች። «እንደ ነገርከኝ። እኔ አማርኛው አይመጣልኝም።»

ጻፍኩት። «ለአባቴ ተነግሮት ነበር። አባቴ ለእናቴ አልነገራትም።» በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ጽሑፍ ነው፣ ያለ አንድ ቅጽል። ያን ዕለት ቦርሳዋን ይዛ ባቡር ተሳፈረች፤ አጎቷ ጣቢያ ጠብቆ ወደ ሜልተን ወሰዳት።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። አልቀርም ብዬ ነው የሄድኩት፤ ከቀረሁ ሌላ ሰው ነው የሚሰማልኝ። ወንድሜ መድረኩ ላይ ከአጠገቧ ቆሞ፣ እሷ ስታነብ እሱ እጁን ይዘረጋል፣ አንዴ አንድ ካርቦን፣ አንዴ ሁለት ኦክስጅን ይሆናል። ሕፃናቱ ሳቁ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትስት አነበበችው። ድምጿ አልተሰበረም። ወንድሜ እጆቹን አወረደ።

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ከመዞር ይብሳል። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዲት እትዬ እጃቸውን አወጡ። «የኔ ልጅ፣ ቀዳዳው ቤቱ ውስጥ የት የት ነው የሚገኘው?» አሏት። ሌላው ጠየቀ፣ ሌላዋ ተከተለች። አንድ ሰውዬ የእኔ ተደፍኗል አሉ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም የእኛም አሉ። ልጄ እያንዳንዱን መለሰች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ሳትቸኩል። ሲያልቅ ወንበር ከሚያነሱት ጋር ወንበር አነሳሁ። ወንድሜ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። እሷ መኪናው ውስጥ ነበረች።

እስካሁን ሜልተን ናት። አልጋዋንና መጻሕፍቷን አጎቷ መጥቶ ወሰደላት። የአየር ቀዳዳ እያሳዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ሰው ይጠራቸዋል። አንዳንዴ ትደውልልኛለች። የምትደውለው ቃል ሲጠፋት ነው። ደህና ነህ አትልም፤ እኔም አልጠይቃትም፣ መልሱ እንዳያጥር እሰጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደውላ በእንግሊዝኛ «ረስት» የሚባለውን በአማርኛ ምን እንደሚሉት ጠየቀችኝ፤ ካንድ ሰው ማሞቂያ ላይ አይታ ነው። ነገርኳት። አመሰገነችኝ፣ በእንግሊዝኛ። በልተሻል ወይ ልላት አፌን ስከፍት ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀምራ ነበር፤ ስልኩን የዘጋችው መስሏታል።

«ዝገት ነው» ስትል ሰማኋት። «ብረቱ ኦክስጅን ሲይዝ ማለት ነው፣ እትዬ። ይኸውልዎ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። አንድ በር ተከፈተ፣ የወንድሜ ድምፅ ከሩቅ መሰላል ይዣለሁ አለ። እሷ እስክታውቅና እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።